ፀሐይ ከሐይቁ ላይ የወጣችበት ቀን

ቡናችሁ ሳይበርድ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ነገሩ የሆነው እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ ነው። ፒያሳ ስላችሁ ሐሳባችሁ ወደ አዲስ አበባ እንዳይሄድ። የኛዋ ፒያሳ ጣሊያን ያልሠራት ፒያሳ ናት። ጣሊያን ከአገር የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ ሐዋሳ የተቆረቆረችው ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ። ስሟን ከሸገር ተዋስን እንጂ መልኳ የራሷ ነው። ባጃጁ፣ ሊስትሮው፣ የሞባይል ሱቁ፣ በየበረንዳው የተዘረጋው የጀበና ቡና፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ።

እኔ በጉልበቴ ዘመን ድራፍትማን ነበርኩ። የሕንፃ ፕላን በእጅ በሚሳልበት ጊዜ ማለቴ ነው። ቲ ስኩዌር፣ ራፒዶግራፍ፣ ትሬሲንግ ፔፐር፣ ከብሉፕሪንቱ ማሽን የሚወጣው ዓይን የሚያስለቅስ የአሞኒያ ሽታ፤ ኑሮዬ ይኸው ነበር። ከዕቃዎቼ ሁሉ ግን ለዛሬው ወሬ የምትጠቅመኝ አንዲት ምላጭ ናት። አዎ፣ የጢም ምላጭ። ትሬሲንግ ፔፐር ላይ የፈሰሰ ቀለም በላጲስ አይጠፋም። ምላጩን ጋደም፣ እጅን ቀለል አድርጎ መፋቅ ነው። ቀለሙ ይሄዳል፣ ወረቀቱ ይተርፋል። ከተጫኑት ግን ወረቀቱ ይበሳል፤ ያኔ የሦስት ቀን ሥራ እንደገና ሀ ተብሎ ይጀመራል። ይቺን ምላጭ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አንድ ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ እንደ ልማዴ ፒያሳ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ቡናዬን እጠጣለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። አርክቴክቸር ተምሮ ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቃል።

«ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይዩልኝ። ለነገ ጠዋት ነው። ባለቤቱ 3 ሰዓት ላይ ያየዋል።»

ላፕቶፑን ከፈተው። አንድ ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ብቅ አለ። ሬንደር ይሉታል እነሱ፤ ያልተሠራን ሕንፃ ተሠርቶ ያለቀ አስመስሎ የሚያሳይ ሥዕል። እኛ በእጅና በውኃ ቀለም አንድ ሳምንት የምንለፋበትን እነሱ በስኬችአፕና በሉሚየን በአንድ ሌሊት ያወጡታል። በየግንባታው የቆርቆሮ አጥር ላይ ተለጥፎ የምታዩት ያ የሚያብረቀርቅ ሕንፃ ይኸው ነው። ሰማዩ ሁልጊዜ ሰማያዊ፣ አስፋልቱ ሁልጊዜ የታጠበ፣ ሰዉ ሁልጊዜ የሚስቅ።

የልጁ ሕንፃ ወደ ሐይቁ የዞረው ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። በላይኛው ፎቅ መስታወት ላይ ሐይቁ ይንጸባረቃል፤ ከሐይቁ ላይ ደግሞ ወርቃማ ፀሐይ። ከታች ቀይ የስፖርት መኪና ቆማለች። በእግረኛ መንገዱ ላይ ካፖርት የለበሱ ነጮች ይሄዳሉ። ዛፎቹ ቅጠላቸው ብርቱካናማ ሆኖ ሊረግፍ ደርሷል።

እኔም አየሁና፦

«ያምራል» አልኩት።

የልጁን ፊት ብታዩት! ደስ ይለዋል ስል ጭራሽ ጠወለገ።

«ጋሼ፣ ያምራልን ከጓደኞቼም ሰምቻለሁ፣ ከእናቴም ሰምቻለሁ። እርስዎ ጋ የመጣሁት ያምራል እንዲሉኝ አልነበረም።»

አፈርኩ፤ እውነቱን ነው። ያምራል ማለት ምን ማለት ነው? አየሁት፣ አለፍኩት ማለት ነው። ከይሉኝታ ጋር ተሸፋፍኖ የሚወጣ «ተወኝ» ነው። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ፣ ከቤቱ ተነሥቶ መጥቶ፣ እኔ አንዲት ቃል ወርውሬለት ወደ ስኒዬ ተመለስኩ።

ግን ለምን እንዲህ ሆንኩ? እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ሥራ በጀመርኩበት ቢሮ አንድ አለቃ ነበሩን። ሥዕል ሠርተህ ትወስድላቸዋለህ። ዝም ብለው ያዩታል። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ ያነሡና ከጥግ እስከ ጥግ አንድ መስመር ያሰምሩበታል። በቃ። የቱ ጋ እንደተሳሳትክ የለ፣ ለምን እንደተሳሳትክ የለ። አንድ የትምህርት ቤት ፕላን ሦስት ጊዜ እንደዚያ ተሰመረብኝ። ሦስት ሌሊት እንደ አዲስ ሣልኩት። በሦስተኛው ቀን አንድ ነባር ድራፍትማን ትከሻዬ ላይ ዘንበል ብሎ «አንተ ልጅ፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ወደ መማሪያ ክፍሉ ነው የሚከፈተው» አለኝ። አንዲት በር! ያቺን በር በምላጭ ፍቄ በአምስት ደቂቃ ጨረስኩ። አለቃዬ ስህተቱን አይተውት ነበር፤ ትክክል ነበሩ። ግን ቀለሙን ትተው ወረቀቱን በሱት።

ሌላም አለ። የኔ ዘመን ሰዎች «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባለውን ታስታውሳላችሁ። በደርግ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቀበሌው ስብሰባ ይጠራል። አንዱ ተነሥቶ ጓዱን ሂስ ያደርጋል፤ ጓዱም ተነሥቶ ራሱን ሂስ ያደርጋል። ሂስ ጥሩ ቃል ነው፤ ሥራን መርምሮ ደካማና ጠንካራ ጎኑን መለየት ነው። ዘመኑ ግን ቃሉ ላይ ጠባሳ ጥሎበት ሄደ። በስብሰባው ላይ የሚመረመረው ሥራው ሳይሆን ሰውየው ነበራ። ከዚያ በኋላ እኛ ሂስ ሲባል ወንበራችን የሚቆረቁረን ሰዎች ሆነን ቀረን። ልጆቻችንን እንዳንበሳ ብለን ምላጩን ጭራሽ ጣልነው። «ያምራል» ብለን አሳደግናቸው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በሆዴ አሰብኩና ወንበሬን ወደ ልጁ ሳብኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። እንደገና እንጀምር» አልኩት። «ይህ ሥዕል ነገ ምን እንዲሠራልህ ነው የምትፈልገው?»

«ባለቤቱ እንዲወደው ነዋ።»

«ወዶትስ?»

አሰበ። «ፊቱ መስታወት ይሁን ወይስ ግድግዳና መስኮት የሚለውን እንዲወስን ነው። እሱ ካልተወሰነ ወደ ዝርዝር ፕላኑ መግባት አልችልም።»

«እንግዲያው ስለ መስታወቱ ነው የምናወራው። ቀይዋን መኪና እንርሳት።»

ልብ በሉልኝ። ሥዕል ሲሰጣችሁ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚሄደው መኪናዋ ላይ ነው፤ ሰማዩ ላይ፣ ሰዎቹ ልብስ ላይ። እነሱን መተቸት ቀላል ነው። ግን ባለቤቱ ነገ የሚወስነው ስለ መኪና አይደለም። ሥዕሉ ለምን እንደተሣለ ሳይጠይቅ አስተያየት የሚሰጥ ሰው፣ በሽተኛውን የት እንዳመመው ሳይጠይቅ መርፌ እንደሚወጋ ሐኪም ነው።

ቀጥዬ የወደድኩትን ነገርኩት። ውሸት አልጨመርኩበትም። በደረጃው ቤት ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ብሎክ ደርድሮበታል። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ አልፎ ወለሉ ላይ እንደ ሰፌድ ጥለት ይወድቃል። «ይህችን እንዳትነካት» አልኩት። «ለምን መሰለህ? የሰው ዓይን ከመንገዱ ተነሥቶ ይህን ጥላ ተከትሎ መግቢያህ ላይ ያርፋል። በር የቱ ጋ ነው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።» ልጁ ቀና አለ። አያችሁ፣ ምክንያት ያለው ምስጋና መሸንገያ አይደለም። ሌሊት ሲያስተካክል የቱን መተው እንዳለበት ይነግረዋል። ምክንያት የሌለው ምስጋና ግን ያው ያምራል ነው።

ከዚያ ወደ ዋናው ገባሁ።

«ሥዕሉ ውስጥ ሰዓቱ ስንት ነው?»

«ማለዳ ነው ጋሼ። ጎህ እንደቀደደ። ብርሃኑ ለስለስ ስለሚል ነው የመረጥኩት።»

«መስታወቱ ላይ የምትታየው ፀሐይ ከየት እየወጣች ነው?»

«ከሐይቁ ላይ።»

«ሐይቁ ከኛ በየት በኩል ነው?»

እጁን ወደ ምዕራብ ዘረጋ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ ሌላኛውን እጁን ግንባሩ ላይ ጫነ።

«ወይኔ ጋሼ!»

ሳቅን። ሐዋሳ የተኛችው በሐይቋ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። እዚህ አገር የተወለደ ሕፃን እንኳ ፀሐይ ሐይቁ ላይ እንደምትጠልቅ ያውቃል። ማታ ማታ ሰዉ ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወርደው ለምን ሆነና? ፀሐይ ከሐዋሳ ሐይቅ ላይ የወጣችው በታሪክ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም በዚህ ልጅ ላፕቶፕ ውስጥ።

«ቀላል ነው» አለ ልጁ። «ማለዳ ማለቴን ትቼ ማታ እለዋለሁ። ሥዕሉን መንካትም አያስፈልገኝ።»

«በለው። ግን ማታ ከሆነ ይቺ ፀሐይ መስታወትህን ፊት ለፊት ታየዋለች ማለት ነው። ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ይህን ለምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ልነግረው እችል ነበር። ብነግረው ግን መልሱ የኔ ይሆናል። ነገ ባለቤቱ ሲጠይቀው «አንድ ሽማግሌ ነግረውኝ ነው» ሊል ነው? ጥያቄውን ሰጠሁት፤ መልሱን ራሱ ያግኝ።

«ከ8 ሰዓት ጀምሮ እስክትጠልቅ» አለ ቀስ ብሎ። «ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ቢሮ ነው። ሰው ከሰዓት በኋላ ሙሉ...» አልጨረሰውም።

እንግዲህ እዩት። የጀመርነው ከሥዕል ስህተት ነበር፤ የደረስነው የሕንፃው ስህተት ላይ ነው። ሬንደር ላይ የሚሰጥ አስተያየት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የተሳሳተች ፀሐይ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ግድግዳ ትሸፍናለች።

የለንደኑን ታሪክ ያጫወትኩት ያኔ ነው። ለንደን ውስጥ 20 ፌንቸርች ስትሪት የሚባል 160 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ አለ። የነደፉት ራፋኤል ቪኞሊ የተባሉ ስመ ጥር አርክቴክት ናቸው። የመስታወት ፊቱ ወደ ውስጥ እንደ ማንኪያ የጎበጠ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በበጋቸው መጨረሻ ሕንፃው ሊያልቅ ሲቃረብ፣ የጎበጠው መስታወት የፀሐይን ጨረር አሰባስቦ መንገዱ ላይ ለቀቀው። መንገድ ዳር የቆመች ጃጓር መኪና አካሏ ቀልጦ ተጣመመ። በቀጣዩ ዓመት መስታወቱ ላይ የፀሐይ መከላከያ አለበሱት። ያ ሕንፃ በወረቀት ላይ እያለ ምን ያህል የሚያምር ሥዕል እንደነበረው መገመት አያቅትም። ሲያዩት ያምራል፣ ሲይዙት ያደናግራል ማለት ይኸው ነው። ፀሐይ ደመናማ ለንደን ላይ መኪና ካቀለጠች፣ ሐዋሳ ላይ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠችዋን ጸሐፊ ምን ታደርጋት?

«ፕሮግራሙ ውስጥ ቦታውን ሞልተሃል?» አልኩት።

አልሞላም። ቦታ ካልነገሩት ፕሮግራሙ የሌላ አገር ፀሐይ ያበራል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ናት። የእኩለ ቀን ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ ግድም፣ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች። በመካከሉ ባሉት ወራት እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ናት፤ በቀሩት ወራት በደቡብ። ስለዚህ እኛ አገር እኩለ ቀን ላይ ረጅም ጥላ የሚጥል ሕንፃ ከታየ ሥዕሉ እኛ አገር አይደለም ማለት ነው። ልጁ እዚያው በረንዳው ላይ ቦታውን ሞላ፤ ቀኑን ዛሬ፣ ሰዓቱን ከቀኑ 10 አደረገው። ጥላዎቹ ሁሉ ዞሩ። መስታወቱ ነጭ ሆኖ ነደደ።

«ከላይ ክዳን ባወጣለትስ?» አለኝ።

«እስቲ ና» ብዬ ወደ መንገዱ ወጣን። ሰዓቱ ራሱ 10 ደርሶ ነበር። እጄን ግንባሬ ላይ እንደ ቆብ ክዳን አድርጌ ወደ ምዕራብ አየሁ፤ ፀሐይዋ ከእጄ በታች ገብታ ዓይኔን ወጋችው። «አየህ፣ እኩለ ቀን ላይ ቢሆን ይህ ክዳን ይበቃኝ ነበር። አሁን ግን ጎንበስ ብላ ነው የምትገባው። አንተም ሞክረው።» ሞከረው። ከዚያ መዳፉን ከፊቱ በቁሙ፣ እንደ ግማሽ የተከፈተ በር አዞረው። ጥላ ፊቱ ላይ አረፈ። «ቋሚ ማገጃ» አለ። «ወይም መስታወቱን ወደ ውስጥ ገባ አድርጌ በረንዳ መሥራት።» ያንን እኔ አልነገርኩትም፤ የገዛ መዳፉ ነገረው።

መንገድ ላይ ከወጣን አይቀር ሌላውንም ጨረስነው። «ይህ መንገድ ስንት እርምጃ ነው?» አልኩት። ተሻግሮ ቆጠረ። ሥዕሉ ውስጥ ያለው መንገድ ግን መስቀል አደባባይን ያህላል። የፕሮግራሙን ካሜራ ሌንስ በጣም ሰፊ አድርጎት ነው፤ 18 ሚሊሜትር። ሰፊ ሌንስ ሕንፃውን ያስረዝማል፣ መንገዱን ያሰፋል፣ ጥጉን ይለጥጣል። ካሜራውን ደግሞ አሞራ የሚያይበት ከፍታ ላይ ሰቅሎታል። አሞራ እዚህ ከተማ ብዙ አለ፤ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ብንሄድ አባ ኮዳ የሚባለው አሞራ ከሰው ጋር ዓሣ ይጋፋል። ግን ሕንፃውን የሚከራየው አባ ኮዳ አይደለም። «ወደ 28 ሚሊሜትር አጥብበው፤ ካሜራውን አንድ ሜትር ከስድሳ ላይ፣ በሰው ዓይን ልክ አውርደው።» ከግድግዳው ጡብ አንዷ ደግሞ ከበሩ ጎን ስትታይ ጉልበት ድረስ ትደርሳለች። በሩ ሁለት ሜትር ከአሥር ከሆነ ያቺ ጡብ ግማሽ ሜትር ናት። እንዲህ ያለ ጡብ የሚያነሣ ግንበኛ የለም። የጡቡን ልክ ማስተካከል የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ካልተስተካከለ ግን ተመልካቹ ምን እንደሆነ ሳያውቀው «አንድ ነገር ደስ አላለኝም» ይላል።

ወደ በረንዳው ስንመለስ ቡና የምታፈላልን እታለም ስኒ ልታነሣ መጣች። ላፕቶፑ ላይ ዓይኗ አረፈ።

«ይሄ የቱ ነው?»

«እዚያ ጥጉ ላይ ሊሠራ ነው» አላት ልጁ።

ጎንበስ ብላ አየችው። ረከቦቷን አስቀምጣ እንደገና አየችው። እኔ መቼም መስታወቱን ታደንቃለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን፦

«እና እኔ የት ልቀመጥ ነው?» አለች።

ልጁ መልስ አጣ።

«በረንዳ የለውማ። ዝናብ ሲመጣ ሰዉስ የት ይጠጋል? ደሞ ይሄ ሁሉ ደረጃ! ስንት ነው? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የጋለ ከሰል ይዤ ነው በዚህ የምወጣው? ያ በክራንች የሚሄደው ሊስትሮስ?»

ስኒዋን ሰብስባ ሄደች።

እኔ በዚያ ሥራ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ደረጃውን አይቼው አላየሁትም። የፀሐይዋ ነገር ሲገርመኝ መግቢያው ላይ ያሉትን አራት ደረጃዎች ዘለልኳቸው። ልጁም ትምህርት ቤት ተምሮታል፤ የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው ያዛል። ሕጉን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ያስታወሰችን ግን አዋጁን አንብባ የማታውቅ ሴት ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ለልጁም ለራሴም የምነግረው ይህን ነው፦ ሥዕልህን አንድ ጊዜ ለባለሙያ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ለሚውል ሰው አሳይ። ባለሙያው ሥዕሉን ያያል፤ ያ ሰው ራሱን ነው ሥዕሉ ውስጥ የሚፈልገው።

መሽቶ ነበር። ልጁ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። እስካሁን ያልነውን ሁሉ ሊጽፍ ሲል አስቆምኩት። «ሁሉንም ከጻፍክ ሌሊቱ አይበቃህም። ሦስት ቦታ ክፈለው።»

በመጀመሪያው ላይ ዛሬ ሌሊት የግድ የሚስተካከለውን ጻፈ፦ ቦታና ፀሐይ፣ ካሜራ፣ የጡቡ ልክ። በሁለተኛው ላይ ባለቤቱ የሚወስነውን፦ የመስታወቱ ፊት እንዲሁ ይሁን ወይስ በረንዳና ቋሚ ማገጃ ይግባለት፤ መግቢያውስ በራምፕ፣ ማለትም በተዳፋት መውጫ፣ ይሁን ወይ? ለዚህ ሁለት ሥዕል እንዲያወጣ ተስማማን፤ በ10 ሰዓት ፀሐይ፣ ከአንድ ቦታ፣ አንዱ በመስታወት አንዱ በበረንዳ። በሦስተኛው ላይ የሚቆየውን፦ ዛፎቹ፣ ካፖርቶቹ፣ ቀይዋ መኪና።

«ዛፎቹንስ ምን ላድርጋቸው?» አለኝ ሊነሣ ሲል።

«ጊዜ ከተረፈህ ጃካራንዳ ትከልበት። ካልተረፈህ ንቀላቸው። የሌለ ዛፍ አይዋሽም።»

ሄደ። እኔም ወደ ቤቴ ስሄድ አንድ ነገር ታሰበኝ። ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ አንድም ጊዜ «አትችልም» አላልኩትም። «ደስ አላለኝም»ም አላልኩትም፤ ደስታዬ ለሕንፃው ምን ይፈይድለታል? የቱ ጋ እንደሆነ በጣቴ አሳየሁት፣ ለምን እንደሆነ አስረዳሁት፣ እንዴት እንደሚፈትሸው ለማሳየት ደግሞ መንገድ ላይ አወጣሁት። ምላጩ ቀለሙን ነካ፣ ወረቀቱ ደህና ነው።

የነገሩን መጨረሻ ትጠይቁኛላችሁ። ባለቤቱ በማግስቱ ሁለቱንም ሥዕል አየ። መስታወት ይወዳል፤ መስታወት የሌለው ሕንፃ ዘመናዊ አይመስለውም። ልጁ አልተከራከረውም፤ የ10 ሰዓቱን ሥዕል ብቻ ፊቱ አስቀመጠለት። ሰውየው ረጅም ጊዜ ካየው በኋላ «ይህን ቢሮ ማን ይከራየኛል?» አለ አሉ። መጨረሻ ላይ ተስማሙ። መስታወቱ ቀረ፣ ግን አንድ ሜትር ከሃያ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ከፊቱ ቋሚ ማገጃ ተደርድሮለት። መግቢያው ላይ ራምፕ ገባ፤ ምድር ቤቱ በረንዳ አገኘ። ሙሉ ድል አይደለም። ራምፑ ልጁ ከጠየቀው ጠበብ ያለ ነው፤ ለእሱ ገና ይሟገታሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ አዲሱን ሥዕል ይዞ መጣ። ካሜራው በሰው ዓይን ልክ ነው። ፀሐይዋ በምዕራብ ናት። ባጃጅ ቆማለች። ነጮቹ ካፖርታቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ሄደዋል። በበረንዳው ጥግ አንዲት ሴት ከረከቦቷ ጀርባ ተቀምጣ ቡና ትቀዳለች። እታለምን ጠርቶ አሳያት።

እሷም ጎንበስ ብላ አየች፣ አየችና፦

«እኔ እንዲህ ወፍራም ነኝ?» አለች።

ልጁ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

አንባቢዎቼ፣ እናንተም ዘንድ አንድ ቀን አንድ ልጅ ያላለቀ ሥራውን ይዞ ይመጣል። ሕንፃ ላይሆን ይችላል፤ ግጥም፣ የሱቅ ታፔላ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ ሊሆን ይችላል። ዓይኑ ቀልቶ፣ ሌሊቱን ሳይተኛ። ያምራል ብላችሁ እንዳትሸኙት። ቢያንስ ቢያንስ ፀሐይዋ በየት በኩል እንደወጣች ጠይቁት።